118 ኪሎ ሜትር፣ አራት ትንንሽ ከተሞች፣ አንድ የተበጠሰ ሽቦ

ኮረኮንች፦

ሰላም ጓዶች። የትናንቱን ቀን ልዘርግፈውና ከዚያ እንደፈለጋችሁ ስደቡኝ። ይገባኛል።

የሳይክል ጉዞው እንዲህ ነው፦ ሦስት ቀን መሄድ፣ አንድ ቀን ማረፍ፣ በዚያው መንገድ መመለስ። ትናንት የመሄጃው የመጨረሻ ቀን ነበር። 118 ኪሎ ሜትር፣ በመሀል ሦስት ትንንሽ ከተሞች፣ ማደሪያዬ አራተኛዋ። ሳይክሉ 15 ኪሎ፣ ዕቃው 18፣ እኔ 70። ድምሩን ዳገት ላይ ስለሠራሁት እናንተ አትልፉ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። አየሩ ቀዝቃዛ፣ አስፋልቱ ባዶ፣ ንፋስ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያዋ ከተማ 27ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ሱቆች ገና እየተከፈቱ ነው፣ አንዱ ደጁን ውሃ እየረጨ ይጠርጋል። ሻይና ዳቦ ቀመስኩ፣ ልጆች ደወሌን ተራ በተራ ደወሉት፣ በ10 ደቂቃ ወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ጨዋ ሰው ነበርኩ።

ጥፋቱ ሁለተኛዋ ላይ ነው፣ 49ኛው ኪሎ ሜትር። የሳይክሉ ቆጣሪ አማካይ ፍጥነቴን በሰዓት 21.4 ኪሎ ሜትር ይላል። ከነሙሉ ጭነቴ 21.4! እንዲህ ያለ ቁጥር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ባለ 750 ሚሊ ሊትር ሁለት ጠርሙስ ይዣለሁ፤ አንዱ ባዶ፣ ሌላው ከግማሽ በታች። ከተማዋ አንድ መንገድ ናት። ግራና ቀኝ ሱቅ፣ መሀል ላይ ቧንቧ፣ ቧንቧው ሥር ሰው ተሰልፏል። አንዲት ሴት ከሱቋ ደጃፍ ወጥታ እጇን እያወዛወዘች የሆነ ነገር ጮኸችልኝ። ሰላምታ መሰለኝ። እኔም እጄን አወዛወዝኩላትና አለፍኩ። ለምን አልቆምክም ብትሉኝ አማካዩ እንዳይወርድብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቀጣይዋ ከተማ 29 ኪሎ ሜትር ናት፣ በዚህ አያያዜ አንድ ሰዓት ተኩልም አይፈጅብኝ ብዬ።

55ኛው ላይ ንፋሱ መጣ። ቀስ ብሎ አይደለም፣ በር እንደተከፈተ ነው፣ ፊት ለፊት። በ21 የምበረው ሰውዬ 12 ሆንኩ፣ ቀጥሎ 10። ዳገት ቢሆን እኮ ጫፉ ይታያል። ንፋስ ምን ጫፍ አለው?

71ኛው ላይ ከኋላዬ "ጢን" የሚል ድምፅ። የክራር ክር ሲበጠስ እንደሚለው። የኋላ ቸርኬ ሽቦ፣ በቀኝ በኩል። ቸርኬው ተጣመመና በየዙሩ ፍሬኑን "ሽው... ሽው..." እያለ ይልሰው ጀመር። ሽቦ ማጥበቂያ ቁልፍ አልያዝኩም። (አውቃለሁ። አውቃለሁ።) የኋላ ፍሬኑን ከፍቼ ቀጠልኩ።

ካርታው 78ኛው ላይ ስም ያላት ከተማ አለች ይላል። ደረስኩ። ሰባት ቤት። ቆጠርኳቸው። አንድ የተቆለፈ ትምህርት ቤት፣ ከአጥሩ ጥግ አንድ ቧንቧ፤ ቧንቧው ሲከፍቱት ይተነፍሳል እንጂ አያንጠባጥብም። አጥሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ምላሴ አፌ ውስጥ የሌላ ሰው መሰለኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ብስኩት ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ፣ ማሸጊያውን መቅደድ አቃተኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ሳይክሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ምንም ሳይሉ ከትከሻቸው ትንሽ ጀሪካን አውርደው ሰጡኝ። ብስኩቱንም ቀደው ሰጡኝ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ከየት ተነሳህ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄድክ፣ ሳይክሉ ስንት ያወጣል ነው። እሳቸው "ማን ይጠብቅሃል?" አሉኝ። ማንም፣ አልኳቸው። "ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?" ብለው ከብቶቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

እዚያ አጥር ሥር ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየሁ። የቀረውን 40 ኪሎ ሜትር እንዴት እንደጨረስኩት አልነግራችሁም። ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ገባሁ። ብርድ ሆኗል፣ ጃኬቴን ልለብስ እጄን ወደ ኋላ ስሰድ ጃኬት የለም። በላስቲክ ገመድ መጫኛው ላይ አስሬው ነበር። የት እንደወደቀ እግዜር ይወቅ።

የቀኑ አማካይ ፍጥነት፦ 14.7።

ዛሬ እረፍት ላይ ነኝ። እዚህ ሳይክል የሚጠግን አንድ ልጅ አለ ግን የኔ ልክ ሽቦ የለውም። ነገ እመለሳለሁ። ምን ላድርግ?

ዳገት_ወዳጅ፦

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቆጣሪህ ስትቆም አብሮህ ይቆማል አይደል? አማካዩን የሚያወጣው ጎማው በዞረበት ጊዜ ብቻ ነው። ታዲያ ቆመህ ውሃ ብትቀዳ አማካይህ በምን በኩል ይወርዳል?

ኮረኮንች፦

...

እስካሁን አላሰብኩትም ነበር። ተዉኝ።

ባለጎማዋ፦

ሃሃሃሃ በሳቅ ገደልከኝ ዳገት። ልጁ ለቁጥር ሲል ሊሞት ነበር፣ ቁጥሩ ደግሞ ጉዳዩም አልነበረም!

ሽቦአጥባቂ፦

እንኳን በሰላም ገባህ ወንድሜ። ወደ ሥራው እንግባ፣ ነገ ስለምትነሳ።

መጀመሪያ ለምን በቀኝ በኩል እንደተበጠሰ። የኋላ ቸርኬ ላይ ማርሽ ጥርሶቹ ያሉት በቀኝ ነው፣ ቦታ ይወስዳሉ፣ ስለዚህ የቀኙ ሽቦዎች ከግራዎቹ ይልቅ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቸርኬው መሀል ላይ እንዲቆም ከግራዎቹ በላይ ተወጥረው መኖር አለባቸው። በዚያ ላይ የፔዳሉ ጉልበት የሚገባው በዚያው በኩል ነው፣ 18 ኪሎህን ደግሞ በሙሉ ከኋላ እንደጫንከው እገምታለሁ።

ሽቦ በአንድ ጉድጓድ አይበጠስም፣ ይሰለቻል። ጎማው መሬት በነካ ቁጥር ከታች ያለው ሽቦ ትንሽ ላላ ይልና መልሶ ይወጠራል። የጎማህ ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። በ118 ኪሎ ሜትር ከ56,000 ጊዜ በላይ ላላ ጠበቅ ብሏል ማለት ነው፣ በአንድ ቀን። ሽቦን አንድ ቦታ ላይ እያጠፍክ እየዘረጋህ ስትቆርጥ እንደምታደርገው። የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ ክርኑ ላይ ነው፣ ቸርኬው መሀል ካለው ብረት ጋር ተጠማዝዞ በሚገናኝበት። ያንተም እዚያው ነው አይደል?

አሁን እንዲህ አድርግ። ልጁ አሮጌ ቸርኬ ካለው ከሱ ውስጥ ይፈልግልህ። ከያዝከው ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አስተያይ። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቢያጥር ግድ የለም። ከረዘመ ግን ጫፉ ከትንሿ ዳዶ አልፎ ወጥቶ የውስጥ ጎማህን ሊወጋው ይችላል። የቀኝ ሽቦ ለማስገባት ማርሽ ጥርሶቹ መውለቅ አለባቸው፣ መፍቻው ከሌለው አትታገል።

ምንም ካልተገኘ፣ የተበጠሰውን ሽቦ አውጣው ወይ ከጎረቤቱ ጋር በፕላስተር እሰረው፣ እየተንከራተተ ማርሹ ውስጥ እንዳይገባ። የቀኝ ሽቦ ሲበጠስ ቸርኬው ወደ ግራ ይሳባል። የተበጠሰው አጠገብ፣ ከፊትና ከኋላው ያሉትን ሁለት የግራ ሽቦዎች በሩብ ዙር በሩብ ዙር አላላቸው። ሩብ ዙር፣ አሽከርክሮ ማየት፣ ሩብ ዙር። ፍሬኑን መላስ ሲያቆም አንተም አቁም። ፍጹም ቀጥ ላድርገው ብለህ ከገፋህ ትከስራለህ። ስንት ሽቦ አለው ቸርኬህ?

ኮረኮንች፦

36። አዎ ክርኑ ላይ ነው የተበጠሰው። ዕቃውም ሁሉም ከኋላ ነበር። ጠንቋይ ነህ እንዴ?

ሽቦአጥባቂ፦

36 ከሆነ በ35 ቀስ ብለህ ቤትህ ትገባለህ። ከዕቃው 5 ኪሎ ያህሉን ወደ ፊት አምጣው፣ መሪው ላይ እሰረው። ጠንቋይ አይደለሁም፣ ብዙ ሽቦ በጥሻለሁ።

ሌላ አንድ ነገር። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግክ በጣትህ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋቸው፣ ከሌሎቹ ላላ የሚል ካገኘህ ንገረኝ። አንዱ ሲሄድ የሱን ሸክም ጎረቤቶቹ ናቸው የሚሸከሙት።

ጀማሪ2፦

ይቅርታ ሞኝ ጥያቄ ነው። እኔ እስካሁን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሄጄ አላውቅም። ብስኩት መቅደድ ያቃተው በውሃ ጥም ነው በረሃብ?

ባለጎማዋ፦

ሞኝ ጥያቄ አይደለም። በሁለቱም ነው ግን ያ መንቀጥቀጥ የረሃብ ይመስለኛል።

ሰውነታችን ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚያስቀምጠው ስኳር 400 ወይም 500 ግራም ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ አይዝም። ጠንከር አድርገህ እየነዳህ ከሆነ ጥቂት ሰዓታት ቢያቆይህ ነው። ስብ ሞልቶናል (እኔ በተለይ) ግን ስብ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ስኳሩ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚከዳህ እግርህ አይደለም፣ ጭንቅላትህ ነው። ትነጫነጫለህ። ሁሉም ነገር ያናድድሃል። እኔ አንዴ ከራሴ ቦርሳ ዚፕ ጋር ተጣልቼ አልቅሻለሁ። እውነቴን ነው፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ።

ስለዚህ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር ወይም ዱቄት ነገር አስገባ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ አለው። ሲርብህ ሳይሆን ከመራብህ በፊት። ውሃም እንደዚያው፣ ግን ባዶ ውሃ ብቻ ቀኑን ሙሉ መጋትም ጥሩ አይደለም፣ በላብ የወጣው ጨው ይተካ። ደም ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን በላይ ሲቀጥን እሱም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። እኔ የታሸገ ዱቄት ካጣሁ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እበጠብጣለሁ። ለተቅማጥ ቤት ውስጥ የሚበጠበጠው ነው፣ አዎ። ማንኪያው የተሞላ ሳይሆን የተስተካከለ ይሁን፣ ጨው አይብዛ።

ኮረኮንች አንተ ግን ከ27ኛው እስከ 78ኛው ምን በላህ?

ኮረኮንች፦

ኩራቴን።

ዳገት_ወዳጅ፦

ሃሃ። እሺ አሁን ቁም ነገር። ሁላችሁም ውሃ ውሃ ትላላችሁ፣ እኔ ግን ቀኑን የገደለው ንፋሱ ነው እላለሁ። አየር የሚገፋህ ጉልበት በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፣ ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚመጣው ልክ ነው። በ20 እየሄድክ 20 የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ቢመጣብህ፣ ለሰውነትህ 40 ነው። አየሩ የሚገፋህ በእጥፍ አይደለም፣ በአራት እጥፍ ነው። ያንኑ 20 ለማስጠበቅ አየሩን ለመቅደድ ብቻ አራት እጥፍ ጉልበት ማውጣት አለብህ። ማን አለው? ማንም የለውም። ስለዚህ ንፋስ ሲመጣ ቁጥሩን ረስቶ ማርሽ ማቅለል ነው፣ ዳገት እንደሆነ ቁጠረው። እሱ 55ኛው ላይ 21.4ቱን ለማዳን ሲታገል ነው ስኳሩን የጨረሰው፣ አስተዋላችሁ? ውሃውም ያለቀው ለዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ በየከተማው መቆም አይመቸኝም። ቆመህ ስትነሳ እግርህ ቀዝቅዟል፣ ሰው ይከብሃል፣ ጥያቄው አያልቅም፣ ሩብ ሰዓት ያልከው ሰዓት ይሆናል። እኔ 3 ሊትር ይዤ፣ ምግቤን ኪሴ አድርጌ አልፋለሁ። 12 ሰዓት ተነስቼ ንፋስ ሳይነሳ ግማሹን ጨርሼ። ሜዳ ላይ ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ ነው፣ ጠዋቱ የኛ ነው።

ባለጎማዋ፦

ዳገት፣ ንፋሱ ላይ ልክ ነህ። መቆም ላይ ግን ከልቤ አልስማማም።

በትንንሽ ከተማ አልፈህ ለመሄድ ከሆነማ ቤትህ ጂም ውስጥ ንዳ። እኔ ሴት ሆኜ ብቻዬን ነው የምሄደው፣ ለኔ መቆም ትርፍ ጊዜ አይደለም፣ መረጃዬ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ሱቅ ያላት ሴት መፈለግ ነው። ከሷ ጋር አምስት ደቂቃ ካወራሁ ከፊቴ ያለው መንገድ ምን እንደሚመስል፣ ውሃ የት እንዳለ፣ የቱ ጋ ውሻ እንዳለ፣ ማደሪያው ሰው የሚያድርበት ይሁን አይሁን አውቃለሁ። ካርታ ይህን አይነግርህም። ካርታው ላይ እኮ ሰባት ቤትም ስም ካላት ከተማ ናት።

እና አንድ የተማርኩት ነገር። ርቀት አንድ ሰው አትጠይቁ፣ ሁለት ጠይቁ፤ አንዱን እግረኛ አንዱን ሹፌር። ለሹፌሩ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው፣ ዳገትም አያውቅም። እግረኛው ኪሎ ሜትሩን ላይነግርህ ይችላል፣ ግን "እዚያች ኮረብታ ላይ ትደክማለህ" ይልሃል፣ እና እውነትም እዚያች ኮረብታ ላይ ትደክማለህ። ደግሞ "መንገዱ በዚህ ነው?" ብላችሁ እየጠቆማችሁ አትጠይቁ። ሰው እንዳያሳፍራችሁ "አዎ" ይላችኋል። "የትኛው ነው?" በሉ።

ያቺ እጇን ያወዛወዘችልህ ሴት "ወደፊት ውሃ የለም" እያለችህ ቢሆንስ?

ዳገት_ወዳጅ፦

እሺ የሹፌሩ ነገር እውነት ነው። ከተሸነፍኩ በዚያ ብቻ ነው የተሸነፍኩት።

ጋሽ ፔዳል፦

ልጆች ደህና አመሻችሁ። ዘግይቼ ነው ያየሁት።

የዚህ ሁሉ ጠብ መልስ ከመቶ ዓመት በፊት ተሰጥቷል። ፈረንሳይ ውስጥ ፖል ደ ቪቪ የሚባል ሰው ነበር፣ ቬሎሲዮ በሚለው የብዕር ስሙ ነው የሚታወቀው፣ በ1930 ነው ያረፈው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1887 ጀምሮ የብስክሌት መጽሔት ያሳትም ነበር፣ ረጅም ጉዞን የሚወድ ሰው። ለመንገደኛ ካስቀመጣቸው ምክሮች ውስጥ ሁለታችሁም አላችሁበት። ማረፊያህን አሳጥር ይላል፣ ይኼ የዳገት ነው። ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ ይላል፣ ይኼ የባለጎማዋ። የኮረኮንችም አለ፤ ለታይታ ብለህ ፔዳል አትርገጥ ይላል።

ይኸው ሰውዬ ማርሽ መቀያየር እንዲለመድ የታገለ ነው። ያኔ ማርሽ እንደ ነውር ነበር። ቱር ደ ፍራንስን የመሠረተው ኦንሪ ደግራንዥ ማርሽ መቀየር ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ለሆነ ነው ብሎ ያፌዝ ነበር። በውድድሩ ላይ የዛሬው ዓይነት ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው በ1937 ነው። እኔ 45ን ካለፍኩ ቆይቻለሁና በሕጋዊ መንገድ ማርሽ አቀልላለሁ። እናንተም ግን አታፍሩ። ነገ ጉልበትህን ሳይሆን የፊቷን ትንሿን ጥርስ፣ ቀላሏን ማርሽ ተጠቀም ልጄ።

ሌላው ጃኬቱ። ቶማስ ስቲቨንስ በዚያች የፊት ጎማዋ ትልቅ፣ የኋላዋ ትንሽ በሆነችው ሳይክል ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ገባ። የያዘው ዕቃ ካልሲ፣ ትርፍ ሸሚዝ፣ ሽጉጥ፣ እና አንድ የዝናብ ካፖርት ነበር። ካፖርቱ ድንኳኑም መኝታውም ነበር። እሱ ቢጥለው ቤቱን ጣለ ማለት ነው። በላስቲክ ገመድ ያሰረው አይመስለኝም።

ኮረኮንች፦

ጋሼ እርስዎ ደግሞ በጨዋ ቋንቋ ነው የሚገርፉት። እሺ፣ ሽጉጡን ትቼ ሌላውን እቀበላለሁ።

ሽቦአጥባቂ፦

የላስቲክ ገመድ ጉዳይ እኔንም ያቃጥለኛል። ይለጠጣል፣ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ከሥሩ ያለው ልብስ ቀስ እያለ ይሾልካል። ከጠፋ ልብሱ ብቻ ይጥፋ፤ የገመዱ መንጠቆ ቸርኬ ውስጥ ከገባ ሽቦ ብቻ አይደለም የሚበጠሰው። የማይለጠጥ ጠፍጣፋ ማሰሪያ በመቆለፊያ ተጠቀሙ፣ ትርፉን ጫፍ ደግሞ ጠቅልላችሁ ሸጉጡት።

ጀማሪ2፦

ሌላ ጥያቄ። ጎማዬ ጎን ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ እስከዚያ ድረስ ነው የምነፋው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ግን እጄ ይደነዝዛል፣ ትንሿ ጣቴና ቀጥሎ ያለችው።

ባለጎማዋ፦

ያ ቁጥር ጣሪያው ነው፣ የታዘዘልህ አይደለም። መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ ቀንስለት፣ ጎማው ሰፊ ከሆነ የበለጠ። ግን ቸርኬው ድንጋይ እስኪነካ አትቀንስ። ሁለቱ ጣቶች የሚደነዝዙት መዳፍህ ሥር የሚያልፈው ነርቭ መሪው ላይ ሲጨፈለቅ ነው። የእጅህን አያያዝ በየደቂቃው ቀያይር፣ ኮርቻህ ወደ ፊት ያዘነበለ መሆኑንም እይ። አዘንብሎ ከሆነ ሳታውቀው በእጅህ ነው የተቀመጥከው። ድንዛዜው ቀናት ካለፈው ግን ሐኪም ይየው።

ጀማሪ2፦

ውሻስ? ገጠር ከተማ መግቢያ ላይ ሁሌ አለ።

ዳገት_ወዳጅ፦

መሮጥ!

ባለጎማዋ፦

አይ! ቁልቁለት ካልሆነ በቀር አትሩጥ። ሩጫው ነው የሚያስመኘው። ቁም፣ ውረድ፣ ሳይክሉን በመሀላችሁ አድርግና ቀስ ብለህ ሂድ። ብዙው ውሻ የሚያባርረው ነገር ሲቆምበት ግራ ይገባዋል። ከነከሰህ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠብና ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት። ትንሽ ጭረት ናት ብለህ አትተዋት።

ኮረኮንች፦ (በማግስቱ ማታ)

ተመልሻለሁ፣ ማለት እስከ መጀመሪያዋ ከተማ። እዚህ ነው የማድረው፣ ደጁን ውሃ ሲረጭ ያየሁት ሰውዬ አልጋ ያከራያል ለካ።

ልጁ ከአሮጌ ቸርኬ ሽቦ አገኘልኝ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የምታጥር። ማርሽ ጥርሶቹን ሲያወልቅ ሌላ ሁለት የላሉ ሽቦዎች አገኘ፣ ሽቦአጥባቂ እንዳልከው። ጆሮውን አስጠግቶ በጥፍሩ ይመታቸዋል፣ ድምፃቸው ከጎረቤቶቻቸው እስኪመሳሰል ያጠብቃል። ትከሻው ላይ ቆሜ አየሁት፣ 40 ደቂቃ ፈጀበት። መለኪያ የሚባል ነገር አልያዘም። በነገራችን ላይ ሽቦ ማጥበቂያ ቁልፉን ገዛሁት፣ ሁለት ስለነበረው።

ቆጣሪውን ዛሬ ካልሲ አለበስኩት። እውነቴን ነው፣ አንድ ካልሲ አጥልቄበት ነው የነዳሁት። የመጀመሪያውን ሰዓት አሥር ጊዜ ያህል ካልሲውን አየሁት።

ሰባቱ ቤት ጋ ቆምኩ። ሽማግሌውን አላገኘኋቸውም። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ነበር፣ ልጆቹ ሳይክሉን አንገላቱት፣ ቧንቧው ዛሬም አየር ብቻ ነው። እኔ ግን 3 ሊትር ይዤ ነበር (ዳገት አመሰግናለሁ)። ንፋሱ ከኋላ ስለነበር ያለ ሐፍረት አረፍኩበት።

ከዚያ ሁለተኛዋ ከተማ። ያች ሴት ሱቋ ደጃፍ ላይ ነበረች። ሳይክሉን ሳቆም ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ያ ጆሮ የሌለው አንተ ነህ?" አለችኝ።

ወደ ውስጥ ገብታ ከመደርደሪያ ላይ የኔን ጃኬት አውጥታ ሰጠችኝ። ታጥቦ፣ ታጥፎ። ያኔ ስትጮህ "ልብስህ! ልብስህ!" እያለችኝ ነበር። ከቧንቧው አጠገብ ነው የወደቀው። አንድ ልጅ ይዞት እስከ ከተማው ጫፍ ሮጦብኝ ነበር፣ አልደረሰብኝም።

ባለጎማዋ፦

ኧረ በማርያም!

ዳገት_ወዳጅ፦

21.4 ነዋ፣ ልጁ በየት በኩል ይድረስብህ።

ጀማሪ2፦

ውሃውንስ ቀዳህ?

ኮረኮንች፦

ተሰልፌ ቀዳሁ። የሮጠው ልጅ ከፊቴ ነበር፣ ወረፋውን ለቀቀልኝ፣ እኔ እንቢ አልኩ።

ጋሽ ፔዳል፦

ሳይክሏን አስነዳኸው?

ኮረኮንች፦

እግሩ ፔዳሉ ላይ አይደርስም ጋሼ። ከመቀመጫው በታች ጎኑን አስገብቶ፣ አንድ እግሩን በማዕዘኑ መሀል አሾልኮ ነዳት። እስከ ከተማው ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። ካልሲውን አውልቆ ስንት እንደሄደ ጠየቀኝ።

ባለጎማዋ፦

ስንት ሄደ?

ኮረኮንች፦

9.6። ከኔ ሰባት ቤት አካባቢ ከነበረኝ ፍጥነት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።